ካልሲ ያጠለቀው ደወል

መጀመሪያ ያየሁት ካልሲዋን ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ እጀታው በሰው እጅ ብዛት የተወለወለ የነሐስ ደወል ተቀምጧል፤ ከአፉ ሥር ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት የሕፃን ካልሲ ብቅ ብላለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የደወሉ ምላስ ካልሲ አጥልቋል። ተረከዟ ላይ የተደረተች፣ አንገቷ በክር የታሰረች፣ የታጠበች ካልሲ። ደወልን ብርድ ይመታዋል እንዴ? ለአፍታ ከልቤ አዘንኩለት።

«አትንካ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላዬ፣ ሁለት ታጣፊ ወንበር በአንድ ብብቷ፣ ሁለት በሌላው ይዛ። «ደወሉ ቅርስ ነው። ካልሲዋ የልጄ ናት፤ ጓደኛዋ ጠፍቶባት ብቻዋን ስለቀረች ሥራ አስያዝኳት።»

«ምን ሥራ?»

«ግጥም አንባቢው አንተ ነህ አይደል?» አለች፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እየለካችኝ። «እንግዲያው ትደርስበታለህ።»

ደረስኩበት። ግጥሜ ገና ወደ ወንዙ ሊገባ ሲል ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በር የሚያንኳኳ ሰው መስሎኝ በትሕትና ቆም አልኩ፤ ማንም ሳይገባ ሲቀር ቀጠልኩ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ክሩን ፈታች፣ ካልሲዋን አወለቀች፣ ደወሉን አነሣች። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ድምፅ ጥርሴ እስካሁን ያስታውሰዋል።

«በቃ» አለች፣ ፈገግ ብላ። «እናመሰግናለን።»

ወንዙ ሳልገባበት ቀረ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሙዚየሙ አልቀርም።

የከተማው ሰው እቴ በቃ ይላታል። የታሪክ ሙዚየሙ የድሮው ፖስታ ቤት ነው። ሰዎች ደብዳቤ ለመላክ የሚሰለፉበት አዳራሽ አሁን የዝግጅት አዳራሽ ሆኗል፤ «ቴምብር» የሚል ጽሑፍ ከላዩ ያለበት መስኮት ግን እንዳለ አለ፤ ወንበሮቹ ከጀርባው ይደረደራሉ። የዝግጅት ክፍል የሚባለው እሷ ብቻዋን ናት። ማስታወቂያውን የምትጽፈው እሷ፣ ግድግዳ ላይ የምትለጥፈው እሷ፣ የሚያፏጨውን ማይክሮፎን በጥፊ የምታስታግሠው እሷ። የክፍሉን ስብሰባ የምታደርገው ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥር እንደሆነ ነግራኛለች። «ተቃውሞ ቀርቦ አያውቅም» ትላለች።

የዝግጅቶቿ ዓይነት ያስገርማል። ፎቶ የሚታወቅበት ቀን አለ፤ ስማቸው የጠፋ ሰዎች ያሉባቸው አሮጌ ፎቶዎች ግድግዳ ላይ ይለጠፉና የሚያውቅ ይናገር ይባላል። አንድ ባለ ጢም ሰውዬ በአንድ ከሰዓት የሦስት ቤተሰብ አያት ሆኖ ሲያድር አይቻለሁ። ከሁሉ የሚደምቀው ግን ቅዳሜ ከሰዓት የሚካሄደው «የአንድ ዕቃ ወግ» ነው። አንድ ሰው ከቤቱ አንድ ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ የዕቃውን ወግ ያወራል፣ ሕዝቡ ይሰማል። ሲነገር ቀላል ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ ግን ልብስ ሰፊው ነበሩ፤ የከሰል ካውያቸውን ይዘው መጥተው ከካውያው ወደ ከሰሉ፣ ከከሰሉ ወደ ጫካው፣ ከጫካው ወደ አጎታቸው የድንበር ክርክር ገቡ። ጥበቃው በር ሊዘጋ ሲመጣ ገና ምስክር እየተሰማ ነበር ይባላል።

በሳምንቱ እቴ በቃ ሁለት ቅርስ ከመስታወት ሣጥን አወጣች። አንዱ ከድሮው ፋርማሲ የተገኘ የአሸዋ ሰዓት ነው። ሁለተኛው የድሮው ትምህርት ቤት ደወል። አሸዋው ሲያልቅ ደወሉ ካልሲዋን እንዳጠለቀ ይደወላል፤ «ይጠቅልሉት» ማለት ነው። ተናጋሪው ካልጠቀለለ ካልሲዋ ትወልቃለች። በሩ ላይ በካርቶን የተጻፈ ሕግም ተሰቀለ፦ «ደወል ሲደወል ተናጋሪ ይቆማል።»

ከዚያ ወዲያ ለማንም አልሳሳችም። ከንቲባው እንኳ «በመጨረሻም» ሲሉ ደውላባቸዋለች፤ «በመጨረሻም» የሚባለው ንግግሩ መሃል ላይ እንደሆነ ታውቃለችና። ከሁሉ የከፋው ቁስል ግን ያለው ጡረተኛው ርዕሰ መምህር ዘንድ ነው። ደወሉ የእሳቸው ትምህርት ቤት ደወል ነው፤ ሕጉንም በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፋቸው የጻፉላት እሳቸው ናቸው። ተራቸው ደርሶ ሲናገሩ፣ በአንድ ወቅት አህያ ቢሮአቸው ውስጥ አስገብቶ በሩን የዘጋባት ተማሪ ማን እንደሆነ ዛሬ በይፋ እናገራለሁ አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደወሉ ጮኸ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ጎልማሶች ሁሉ በአንድ ላይ ተነፈሱ።

«በገዛ ደወሌ!» ብለው ወጡ። በማግሥቱ ግን ተመልሰው መጡ፤ ጋዜጣ የሚያነቡት እዚያው መስኮት ሥር ነውና የት ይሄዳሉ።

የእቴ በቃ አባት ሾፌር ነበሩ። ከገበያው እስከ ውሃ ታንከሩ የሚሄደውን፣ ኤሊ ይሉት የነበረውን አረንጓዴ አውቶብስ ከወጣትነታቸው እስከ ጡረታቸው የነዱ። ኤሊ ለቁርጥራጭ ብረት ሲሰጥ መሪውን ፈትተው ቤታቸው ወሰዱና ከአልጋቸው በላይ ሰቀሉት፤ ሚስታቸው እርጥብ ፎጣ ያሰጡበታል። ሾፌሩ አንድ ታሪክ አላቸው፤ የመሪው ታሪክ። ሊናገሩት ሲጠይቁ ከርመዋል። ልጃቸውም «በሚቀጥለው» እያለች አክርማቸዋለች።

አንድ ሐሙስ ሙዚየሙ ውስጥ ወንበር እየወለወልኩ ሳለ እቴ በቃ ከውጭ የተቀደደ ማስታወቂያ ይዛ ገባች። የዚያን ሳምንት ተናጋሪ አዋላጇ ነበሩ፤ የከተማው ግማሽ የተወለደበትን ፋኖስ ይዘው ሊመጡ ነበር። ማስታወቂያው «አዋላጇና ፋኖሷ» ይል ነበር። አሁን «ፋኖሷ» በሚለው ላይ ወረቀት ተለጥፎ «አዋላጇና መሪው» ይላል።

«ዳቦ ቤቱ ጋ ያለው ይሄ ነው» አለች። «ሴቶቹ ከብበው ‹አዋላጅ መሪ ምን ያደርግላታል?› እያሉ ይከራከራሉ።»

ወዲያው በሩ ተከፈተና አባቷ መሪያቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ።

«አባዬ፣ አንተ ነህ?»

«ምኑን?»

«ጣትህ ላይ ሙጫ አለ።»

«ይሄ?» አሉ እጃቸውን እያዩ። «ይሄ የቆየ ነው።» ከዚያም ክርክሩ እንደማያዋጣ ሲገባቸው መሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አዋላጇ ድምፅዋ ተዘግቷል። ጠዋት ሄጄ ጠየቅኋት፣ በእጇ ነው ያናገረችኝ። ታዲያ አዳራሹ ባዶ ይዋል? እኔ ባዶ አውቶብስ ነድቼ አላውቅም።»

«በቀሩት ማስታወቂያዎች ላይስ?»

«በቀሩት ላይ ሁለቱንም ሸፍኜ ‹ሾፌሩና መሪው› ብያለሁ። ዳቦ ቤቱ ጋ ወረቀት አለቀብኝ።»

«አባዬ፣ አንተን አላውቅህም? ከገበያው እስከ ወፍጮ ቤቱ ለመድረስ ብቻ ይመሻል።»

«መንገዱ ጠማማ ነው። እኔ አልሠራሁት።»

መስኮቱ ሥር የተዘረጋው ጋዜጣ ተንኮሻኮሸ። ከጀርባው የርዕሰ መምህሩ ድምፅ መጣ።

«ትደውይበታለሽ?»

«ለማንም እደውላለሁ።»

«ለማንም ሌላ፣ ለአባት ሌላ። እኔ ምን ቸገረኝ? ከደወልሽበት እሰየው። ካልደወልሽበት ግን እኔ ከአህያዬ ጋር እመለሳለሁ። እኔ ብቻ መሰለሽ? ልብስ ሰፊው ካውያውን አግሎ ይመለሳል። ከንቲባው ‹በመጨረሻም› እያሉ ይመለሳሉ። የቆረጥሽን ሁሉ ተሰልፈን እንመጣለን። መሰለፊያውስ እንደሆነ ፖስታ ቤቱ ለምዶታል።»

እቴ በቃ እጇ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አጥብቃ ጨመቀችው።

«እደውላለሁ» አለች። «ካልሲዋንም አወልቃለሁ።»

«ደውዪ!» አሉ አባቷ፣ ደስ ብሏቸው። «ደወል የማላውቅ መሰለሽ? እኔ ዕድሜ ልኬን ሲደወልብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ።» መሪያቸውን አንሥተው እያፏጩ ወጡ።

ወንበሮቹን ወደ ቴምብሩ መስኮት ጀርባ ስንወስድ ለብቻችን ሆንን። «አየህ?» አለችኝ። «ከደወልኩ አባቷን በሰው ፊት ዝም ያሰኘች ልጅ እባላለሁ። ካልደወልኩ ይህን ቤት ወሬኛ ሁሉ ይወርሰዋል፤ ሰውም መምጣት ይተዋል። ይሄን አዳራሽ ስንት ዓመት ስለምኜ እንደሞላሁት እኔ ነኝ የማውቀው።» ወንበሩን አስደገፈችና ቆመች። «የሚገርምህ፣ ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ አላውቅም።»

«ሰምተሽው አታውቂም?»

«ስሰማው ነው ያደግኩት። ግን መጨረሻው ሲደርስ ሻዩ ይገነፍላል።»

«ምን?»

«አባዬ ዳገቱን ወጥቶ ‹ከኋላ በኩል አንዲት ልጅ› ሲል፣ እማዬ ‹ሻዩ ገነፈለ!› ብላ ትጮኻለች። ሁላችንም እንሮጣለን። ስንመለስ ወሬው ተቀይሯል። ልጅ ሆኜ የታሪኩ መጨረሻ የሻይ መገንፈል ነው የሚመስለኝ። አንድ ቀን ግን ቀድሜ ደርሼ አየሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምድጃው አልተለኮሰም።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ጥበቃው ከግቢው አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ገባ። የቆረጠቻቸው ሰዎች ሁሉ ከፊት አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠዋል፤ ልብስ ሰፊው፣ ፋርማሲስቱ፣ ርዕሰ መምህሩ፤ ሠርግ ቤት የተጠሩ ይመስል ተስተካክለው። አዋላጇ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው መጥተዋል። በመጨረሻ የእቴ በቃ እናት ገቡ፤ አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሴት። መሃል ላይ ተቀምጠው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉና ባላቸውን ትክ ብለው አዩ። ሾፌሩ ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«ሾፌር ቆሞ አያወራም» ብለው ወንበር አስመጡ። ተቀመጡ። መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እቴ በቃ የአሸዋውን ሰዓት ገለበጠች።

እንግዲህ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ሰው ወሬን ሲነዳ አይቼ አላውቅም ነበር። ከገበያው ተነሡ። ታሪኩ ወደ ግራ ሲታጠፍ መሪውን ወደ ግራ ይጠመዝዛሉ፤ እኛም ሳናስበው ወደ ቀኝ እናዘነብላለን። ዳቦ ቤቱ ጋ የቁም ሣጥን መስታወት የተሸከመ ሰውዬ ተሳፈረ፤ ስለመስታወቱ ስንሰማ፣ ስለሰውዬው እጮኛ ስንሰማ፣ እጮኛዋ መስታወቱን አይታ ስላለችው ነገር ስንሰማ አሸዋው ይወርዳል። ጉድጓድ ሲገጥማቸው «ያዙ!» ይላሉ፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያሉ ሴት እውነትም የፊታቸውን ወንበር ይይዛሉ። ፍራሽ የጫነች ሙሽራ ገባች። ፍራሹ በበሩ አልገባ አለ። አሸዋው አለቀ።

ዱብ፣ ዱብ።

ሾፌሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰምቻለሁ ለማለት። ፍራሹን በመስኮት ማስገባት ጀመሩ።

እቴ በቃ ክሩን ፈታች። ካልሲዋን አውልቃ ኪሷ ከተተች። ርዕሰ መምህሩ ወደ ፊት ተሳቡ። ደወሉ ጮኸ፤ የመስታወት ሣጥኖቹ ሁሉ አብረው ነዘሩ።

ሾፌሩ ቀኝ እግራቸውን ወለሉ ላይ ጫን አደረጉ። በቀኝ እጃቸው የሌለ የእጅ ፍሬን ሳቡ።

«ወራጅ አለ!» አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እሳቸው ደግሞ ከበላያቸው የሌለውን የኋላ ማሳያ መስታወት ቀና ብለው አዩና በሩን በአገጫቸው አመለከቱ። «ደውላችኋል እኮ። ወራጅ ካለ ይውረድ፣ አትጋፉ።» ጥበቃው ግራ ገብቶት በሩን ከፈተው። ነፋስ ገባ። ሰው ግን አልወጣም። ሾፌሩ ትንሽ ጠበቁ፣ በሥርዓት። «የለም? እንግዲህ እንሄዳለን።» ፍሬኑን ለቀቁ።

«ይህ ማጭበርበር ነው!» ርዕሰ መምህሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

ሾፌሩ እንደገና ፍሬን ያዙ። «ወራጅ ነህ?»

«እኔ? እኔ...»

«ቆመሃል። የቆመ ሰው ይዤ ዳገት አልወጣም። ወይ ውረድ፣ ወይ ተቀመጥ።»

«ሕግ አለ! ሕጉ በሩ ላይ ነው!»

«ሕጉን የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አለች እቴ በቃ። ፊቷ በርበሬ መስሏል። «ያንብቡልን።»

ርዕሰ መምህሩ ማንበብ አላስፈለጋቸውም። «ደወል ሲደወል ተናጋሪ ይቆማል» አሉ።

«አባዬ አልቆመም?»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ። እሳቸው ደግሞ በሩን አዩ፤ ከውጭ ፀሐይና ባዶ መንገድ አለ። ከዚያ መሪውን አዩ። በመስኮት ተንጠልጥሎ የቀረውን ፍራሽም ያዩት መሰለኝ።

«ቆሟል» አሉ ቀስ ብለው። ተቀመጡና ወደ ልብስ ሰፊው ዘንበል ብለው በሹክሹክታ፣ ግን ሁላችንም በምንሰማው ሹክሹክታ፣ «የሙሽራዋ ነገር እንዴት ሆነ አለ?» ብለው ጠየቁ።

ጉዞው ቀጠለ። እቴ በቃ ሥራዋ ነውና አሸዋውን እንደገና ገለበጠች፤ ሲያልቅም ደወለች። አባቷም እንደገና ቆሙ። በዚህኛው ዳቦ ጋጋሪው ተነሥቶ፣ ምድጃው ላይ የተወው ነገር እንዳለ አስታውሶ፣ እያፈረ ወጣ። «በሰላም ግባ!» አሉት ሾፌሩ፤ እግሩ ደረጃውን ሳይለቅ አልተንቀሳቀሱም። ብዙም ሳይቆይ ዱቄት እንደ ለበሰ እየሮጠ ተመለሰና በሩ ላይ ቆሞ «ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ብሳፈርስ?» አለ። «ግባ፣ ግባ፣ በሩን አትዝጋብኝ» ተባለ።

ሆስፒታሉን አለፍን። ዳገቱን ወጣን፤ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይሩ አዳራሹ አብሮ አቃሰተ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከኋላ በኩል፣ መስኮቱ ጥግ አንዲት ልጅ...»

«ሻዩ!» አሉ እናት።

እናት ግራና ቀኝ አዩ። ሻይ የለም፣ ምድጃ የለም፣ የሚሮጥ ልጅ የለም። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አዋላጇ እንኳ ያለ ድምፅ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እናት ቦርሳቸውን አቀፉ።

«አንዲት ልጅ ትቀመጣለች» ቀጠሉ ሾፌሩ። «ክር የሞላበት ዘንቢል ይዛ። ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው፤ ጠዋት ከዚያ ነው የምጭናት። ማታ ግን እዚያ አትወርድም። ወፍጮ ቤቱን አልፋ፣ ሆስፒታሉን አልፋ፣ ዳገቱን ወጥታ እስከ ውሃ ታንከሩ ከእኔ ጋር ትሄዳለች። እዚያ ሁሉም ሲወርድ ትወርድና ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ትመለሳለች።»

«ለምን?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«እሷ ወንበር አጠገብ ያለው ደወል ተበላሽቷል። ‹ወራጅ አለ› ብላ እንዳትጮህ ዓይን አፋር ናት።»

«እኔ? ዓይን አፋር?» አሉ እናት።

«ያን ጊዜ ነበርሽ። የኋላ ኋላ ነው የተሻለሽ።» መሪውን በቀስታ ያሻሹት ጀመር። «ደወሉ መበላሸቱን እኔ አውቃለሁ። ጋራዡ ‹ሽቦ ነው፣ አምጣው› ብሎኛል። አልወሰድኩትም። ነገ፣ ነገ እያልኩ። ታዲያ አንድ ቀን ዝናብ ጣለ። ከውሃ ታንከሩ ስመለስ በመንገዱ ዳር አየኋት፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ‹ግቢ› አልኳት፣ ‹ደርሻለሁ› አለችኝ። የት ደረሰች? ገና ዳገቱ ላይ ናት። አፈርኩ። በማግሥቱ ሽቦውን ራሴ ቀጠልኩት። ሞከርኩት፣ ሠራ። ማታ ስትሳፈር ‹ደወሉ ተሠርቷል› አልኳት። ‹እግዜር ይስጥልኝ› አለችና ሄዳ ተቀመጠች።»

አሸዋው አለቀ። እቴ በቃ ደወሉን አነሣች። ምላሱ ባዶውን ነው።

«ወፍጮ ቤቱ ሲቀርብ እግሬን ከነዳጁ አነሣሁ። ጆሮዬ ሁሉ ከኋላ ነው። ደወሉ እንዲሠራ ነው የምፈልገው፤ ደግሞ እንዳይሠራ ነው የምፈልገው። ወፍጮ ቤቱ ደረሰ።» መሪውን አልጠመዘዙም፤ ቀጥ አድርገው ያዙት። «ወፍጮ ቤቱ አለፈ። አልደወለችም።»

እኔ የማየው እቴ በቃን ነበር። ደወሉን ከፍ አድርጋ ይዛው ቀርታለች፤ አሸዋው ካለቀ ቆይቷል፤ ክንዷ በአየር ላይ ነው። አልደወለችም። እናቷ ዞር ብለው ያን ክንድ አዩት፤ ወዲያው ፊታቸውን መለሱ።

«ተኝቼ ነው!» ብለው ጮኹ።

«በመስታወቱ አየሁሽ። ዓይንሽ ፍጥጥ ብሎ ነበር።»

«እኔ ዓይኔን ገልጬ ነው የምተኛው!»

«አግብቼሽ ይኸው አረጀሁ፤ አንድም ቀን እንዲያ ስትተኚ አላየሁሽም።»

ሳቁ ሲበርድ ሾፌሩ የእጅ ፍሬናቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ሳቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ውሃ ታንከሩ ጋ ደርሰናል፣ ልጄ። ደውዪ እንጂ፣ ሰው ይውረድ።»

ደወለች። ሰው ተነሣ፤ ተራ በተራ፣ አንዱ አንዱን ሳይገፋ፣ በሩ ላይ ሲደርስ እየዞረ «ሾፌር፣ እናመሰግናለን» እያለ። ፋርማሲስቱ በሩ ላይ ያለችው አንዲት ደረጃ እንደ አውቶብስ ደረጃ ከፍ ያለች መስላቸው ነው መሰል፣ እግራቸውን ከልክ በላይ ሲያነሡ አይቻቸዋለሁ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ርዕሰ መምህሩ ብቻ ቀሩ። ጋዜጣቸውን በብብታቸው ይዘው ጠረጴዛዋ ፊት ቆሙ።

«እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ የሚቀጥለው ቅዳሜ የእኔ ነው። አህያዋን ያስገባውን ሰው ስም እናገራለሁ። ሲደወል እቆማለሁ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። ሕጉ ይፈቅዳል።»

«ይምጡ፣ ጋሼ» አለች እቴ በቃ፣ ደወሉን በለስላሳ ጨርቅ እየጠረገች። «ግን ሲደወል ‹ወራጅ አለ› ይባላል። በሩም ይከፈታል።»

ርዕሰ መምህሩ አሰቡ። «ስንት ሰው ይወርዳል ብለሽ ነው?»

«አህያዋን ያስገቡት ሁሉ።»

ርዕሰ መምህሩ ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ እያዩ ዓይናቸውን አጠበቡ። «እንዲያውም ጥሩ ነው» አሉ። «በር በሩን እያየሁ እናገራለኋ።» እየሳቁ ወጡ። እሳቸው ሲስቁ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ወንበሮቹን አጣጥፈን ከቴምብሩ መስኮት ጀርባ አስገባን። ደወሉ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ፣ ቁልፉ ዞረ። ካልሲዋን ከኪሷ አውጥታ አሸተተቻትና «መታጠብ አለባት» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከበሩ ውጭ አባትና እናቷ እየጠበቁ ነበር፤ እናት መሪውን እንደ ትልቅ አምባር ክንዳቸው ላይ አጥልቀውታል። ሁለቱም የሚነጋገሩት ስለሽቦ ይመስላል።

እኔ ግን የምጠይቃት ነገር ሞልቶኝ ነበር። እናቷ ለምን ያን ሁሉ ዘመን ሻይ እንዳስገነፈሉ፣ እሷ ክንዷን አንሥታ ስትቀር ምን እንዳሰበች፣ ከዚያ ምሽት በኋላ አውቶብሱ ላይ ምን እንደሆነ፣ ደግሞም ያልጨረስኩት ግጥሜ ወንዙ ጋ እንደቆመ፣ በሚቀጥለው ወር ምናልባት...

እቴ በቃ ደረጃውን ወርዳ ነበር። ዞር አለች። ባዶ እጇን ወደ ላይ አነሣችና ደወል እንደያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ወዘወዘችው። ምንም ድምፅ አልወጣም፤ እኔ ግን ዝም አልኩ።

«በቃ» አለች፣ ፈገግ ብላ። ወደ አባትና እናቷ ሄደች፤ በመሃላቸው ገባች፣ የአባቷን ክንድ ያዘች። አውቶብስ ፌርማታው ጋ ሲደርሱ ሳይቆሙ አለፉት።